መስቀል ሳያልፍ ፈርነሱን አስፈትሹ

አገር ቤት መስከረም ሲጠባ ክረምቱ ወጣ እንላለን። እዚህ ሚኒሶታ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። አደይ አበባ በሚፈነዳበት ወር እዚህ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ይጀምራል። ዊንተር ደጃፍ ላይ ነው። ስለዚህ ለራሴ አንድ ሕግ አውጥቻለሁ፤ መስቀል ሳያልፍ ፈርነሱ፣ የቤቱ ማሞቂያ፣ ይታያል። ደመራው ሲለኮስ የቤዝመንቴም እሳት መለኮሱን ማወቅ አለብኝ።

ሕጉን ያወጣሁት ተቀጥቼ ነው። ቤት በገዛን በመጀመሪያው ዓመት፣ በጃንዋሪ አንድ እሑድ ሌሊት፣ ባለቤቴ ቀሰቀሰችኝ። «አፍንጫዬ ቀዘቀዘ» አለች። ቴርሞስታቱን፣ የሙቀት መቆጣጠሪያውን፣ ባየው 54 ፋራናይት ይላል። ውጪው ከዜሮ በታች 18 ፋራናይት ነበር፤ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 28 ገደማ። ልጆቹን በጋቢ ጠቅልለን አንድ አልጋ ላይ ሰበሰብናቸው። እኔ የስልኬን መብራት አብርቼ ቤዝመንት ወረድኩ። ፈርነሱ ፊት ስደርስ፣ በማያውቀው ከተማ አውቶብስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብዬ ቆምኩ። ምኑን ልንካው?

ሊነጋጋ ሲል አንድ ቴክኒሽያን መጣ። የሌሊትና የእሑድ ዋጋ ጠየቀ፤ ከፈልን። ሽፋኑን ከፈተ፣ አየ፣ ዘጋ። «ይሄ አርጅቷል፤ አዲስ ያስፈልጋችኋል» አለና 7 ሺህ ዶላር የሚል ወረቀት ሰጠኝ። በማግስቱ ጓደኛዬ ሌላ ሰው ላከልኝ። ሰውየው ስንደዶ የምታክል ቀጭን ዘንግ ከውስጥ አወጣ። በሽቦ ሱፍ ፈተግ ፈተግ አደረጋት። መልሶ ሰካት። ፈርነሱ ፉፍ ብሎ ነደደ። ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ያቺ ዘንግ ፍሌም ሴንሰር ትባላለች። ሥራዋ እሳቱ መንደዱን ለማሽኑ መንገር ነው። ከቆሸሸች እሳቱን አታየውም። እሳት ከሌለ ደግሞ ጋዝ መልቀቅ አደጋ ስለሆነ ማሽኑ ጋዙን ይዘጋል። ጥቂት ጊዜ ይሞክርና ይቆልፋል። በሴፕቴምበር ሰርቪስ አስደርጌ ቢሆን ኖሮ የምትጠረገው እሷ ነበረች።

ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የማደርገው ነው።

መጀመሪያ፦ ምን ዓይነት ማሞቂያ እንዳላችሁ እወቁ

እዚህ የምናገረው በጋዝ ስለሚሠራውና ሞቃት አየር በቱቦ ወደ ክፍሎች ስለሚነፋው ፈርነስ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ አብዛኛው ቤት ይሄ ነው ያለው። ግድግዳ ሥር ውኃ የሚያሞቅ የብረት ራዲያተር ካላችሁ ያላችሁ ቦይለር ነው፤ እሱም በየዓመቱ መታየት አለበት፣ ግን አሠራሩ ሌላ ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂንያ ያላችሁ ደግሞ ሂት ፓምፕ ሊኖራችሁ ይችላል። ውጪ የቆመው ትልቅ ማራገቢያ በብርድም የሚሽከረከር ከሆነ እሱ ነው።

ጋዝ ፈርነስ ከሆነ ጭሱ የሚወጣበትን ቱቦ እዩ። ብረት ከሆነና ወደ ጣሪያ ከወጣ ብዙውን ጊዜ የድሮው ዓይነት ነው፤ ከጋዙ ጉልበት 80 በመቶ ገደማውን ወደ ሙቀት ይቀይራል። ነጭ ፕላስቲክ ቱቦ ከሆነና በግድግዳ በኩል ከወጣ አዲሱ ዓይነት ነው፤ 90 በመቶና ከዚያ በላይ። አዲሱ ሲሠራ ውኃ ያንጠባጥባል። ይሄ ብልሽት አይደለም። ውኃው የሚወርድበት ቀጭን ላስቲክ ግን እንዳይታጠፍና እንዳይደፈን።

ከሽፋኑ ጀርባ ወይም ጎን ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። የሞዴሉንና የሴሪያሉን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ስትደውሉ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ይሄንን ነው። ዕድሜውንም ከዚያ ያውቁታል። ፈርነስ በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ዓመት ይኖራል።

ቀጠሮ መያዝ

ኦገስት መጨረሻና ሴፕቴምበር ጥሩ ጊዜ ነው። ኦክቶበር ላይ የመጀመሪያው ውርጭ ሲመጣ አገሩ ሁሉ በአንድ ቀን ይደውላል። ያኔ ቀጠሮው ሁለት ሦስት ሳምንት ይርቃል፤ ዋጋውም የሚለምን ሰው ዋጋ ነው።

እኔ ባለሁበት አካባቢ ተራ ሰርቪስ ከ100 እስከ 200 ዶላር ባለው ውስጥ ነው። «59 ዶላር ብቻ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ጠርጥሩ። በዚያ ዋጋ ቴክኒሽያን፣ መኪናና ቤንዚን አይሸፈንም። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰው ሻጭ ነው።

ስትደውሉ እነዚህን ጠይቁ፦

- ሰርቪሱ ውስጥ ምን ምን ይካተታል? ፍሌም ሴንሰሩን ማጽዳትና ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን መርዛማ ጋዝ መለካት አለበት?
- ብልሽት ቢገኝ ዛሬ የምከፍለው ከጥገናው ዋጋ ላይ ይቀነሳል?
- ኢንሹራንስና የከተማው ፈቃድ አላችሁ?
- የሚመጣው ሰው በኮሚሽን ነው የሚከፈለው?

የመጨረሻውን ጥያቄ ማንም አይወደውም። እኔ ግን እጠይቃለሁ። ሰውየው ባሳመነ ቁጥር የሚከፈለው ከሆነ ያየው ብልሽት ሁሉ ትልቅ ይሆንበታል።

እንግሊዝኛው የሚያስቸግራቸው ወላጆች ካሏችሁ የምትደውሉት እናንተ ብትሆኑ ይሻላል። ቀጠሮውንም ቤት በምትሆኑበት ቀን አድርጉት። እማማ ብቻቸውን ባሉበት «ማዳም፣ ይሄ አደገኛ ነው» ብሎ ማስፈረም ቀላል ነው።

ሰውየው ከመምጣቱ በፊት በራሳችሁ የምትሠሩት

ግማሹ ሥራ የእናንተ ነው። መፍቻ አያስፈልገውም።

*ፊልተሩ (የአየር ማጣሪያው)።* ካሉት ሁሉ ይሄ ይቀድማል፤ የፈርነስ ሕመም አብዛኛው ከዚህ ይጀምራል።

ፈርነሱን አጥፉ። ጎኑ ላይ ወይም አጠገቡ ያለው ግድግዳ ላይ የመብራት ማጥፊያ የሚመስል ስዊች አለ፤ አንዳንዱ ቀይ ነው። ፊልተሩ አየሩ ወደ ፈርነሱ በሚገባበት በኩል፣ ሰፊው ቱቦና ማሽኑ በሚገናኙበት ቦታ ተሰክቷል። ሳቡት። መጠኑ ጠርዙ ላይ ተጽፏል፤ ለምሳሌ 16 በ25 በ1 ኢንች። ያንኑ መጠን ግዙ። ሱቅ ሄዳችሁ በግምት እንዳትገዙ፤ ግማሽ ኢንች ካጠረ አቧራው በጎን ያልፋል።

አውጥታችሁ ወደ መብራት አንሡት። ብርሃን ካላለፈ አልቋል። የእኛ ቤት ፊልተር ደግሞ ከጎረቤቱ ቀድሞ ያልቃል። ቁሌቱ አለ፣ በርበሬው አለ፣ እጣኑ አለ። የመጀመሪያ ዓመት የኛን ሳወጣው ግራጫ ሆኖ፣ ጸጉር አብቅሎ፣ ያልታጠበ ጋቢ መስሎ ነበር። ሽታው ግን የበዓል ሽታ ነው።

አዲሱ ላይ ቀስት አለ። ቀስቱ ወደ ፈርነሱ ይዙር። አየሩ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

አንድ ኢንች ውፍረት ያለውን በየወሩ እዩት፤ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ይቀየራል። አራት ኢንች የሆነው ወፍራም ከ6 ወር እስከ ዓመት ይሄዳል። እኔ በየወሩ በ12 ነው የማየው። እናቴ በስልክ «ዛሬ ሚካኤል ነው» ስትለኝ ፊልተሩ ትዝ ይለኛል።

የፊልተር ጥራት ሜርቭ በሚባል ቁጥር ይለካል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ደቃቁን አቧራም ይይዛል፤ ግን አየሩንም ያንቃል። ለአብዛኛው ቤት ከ8 እስከ 11 ያለው ይበቃል። ልጄ አስም አለበት ብላችሁ 13 መግዛት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ቴክኒሽያኑን ጠይቁ፤ ቀጭንና ድፍን የሆነ ፊልተር አሮጌውን ማሽን ሊያፍነው ይችላል።

ሲታፈን ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። አየር ስለማያልፍ ውስጡ ከሚገባው በላይ ይግላል። ሊሚት ስዊች የሚባል ጠባቂ እሳቱን ያጠፋዋል። ማራገቢያው ግን ውስጡን ለማቀዝቀዝ መንፋቱን ይቀጥላል። እናንተ ክፍል ውስጥ ሆናችሁ «ይነፋል፣ ግን ቀዝቃዛ ነው» ትላላችሁ። ቴክኒሽያን ትጠራላችሁ። ሰውየው 12 ዶላር የሚያወጣ ፊልተር ይቀይርና 180 ዶላር ይቀበላል። ሰውየውን አልወቅሰውም።

*ቴርሞስታቱ።* ባትሪ የሚበላ ከሆነ ቀይሩት። «ፋን» የሚለውን «ኦቶ» ላይ አድርጉት። «ኦን» ላይ ከሆነ እሳቱ ጠፍቶም ስለሚነፋ ቀዝቃዛ አየር ይመጣል፤ ብዙ ሰው ፈርነሱ ተበላሸ የሚለው ለዚህ ነው።

*ዙሪያውን ማጽዳት።* ቤዝመንት የእቃ መቃብር ነው። አገር ቤት የሚላክ በርሜል፣ ሻንጣ፣ የልጆች ብስክሌት፣ ሁሉም ፈርነሱ ላይ ተደግፏል። ቢያንስ አንድ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ተዉለት። ቀለም፣ ቤንዚንና የሣር ማጨጃ ማሽን ከዚያ ክፍል ይውጡ። የልብስ ማጠቢያ በረኪናም አጠገቡ አይቀመጥ፤ ትነቱ ብረቱን ይበላዋል።

*አየር የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች።* ሶፋውንና ምንጣፉን ከላያቸው አንሡ። የማንጠቀምበትን ክፍል እንዝጋ ብላችሁ ብዙውን አትዝጉ። ጋዝ የሚቆጥብ ይመስላል፣ ማሽኑን ግን እንደ ቆሸሸ ፊልተር ያንቀዋል።

*ውጪ።* ነጭ ፕላስቲክ ቱቦ ያላችሁ ወጥታችሁ ጫፉን እዩ። የወፍ ጎጆ፣ ቅጠል፣ የሸረሪት ድር አውጡ። ቦታውንም በልባችሁ ያዙት፤ በረዶ ሲከመር በአካፋ የምትጠርጉት ያንን ነው። የተደፈነ ቱቦ ፈርነሱን ያጠፋዋል፤ ሲብስ ደግሞ መርዛማው ጭስ ወደ ቤት ይመለሳል።

*ሙከራ።* አሁን አንድ ቀዝቀዝ ያለ ምሽት ምረጡና ቴርሞስታቱን «ሂት» ላይ አድርጋችሁ ከክፍሉ ሙቀት 5 ዲግሪ ከፍ አድርጉት። ቤዝመንት ወርዳችሁ አዳምጡ። መጀመሪያ ትንሽ ሞተር ታጉረመርማለች፤ ጭሱን ወደ ውጪ የምትስበው ናት። ቀጥሎ ጠቅ ይላል። በትንሿ መስኮት ብርቱካናማ ፍካት ይታያል። ከዚያ ፉፍ፤ ሰማያዊ ነበልባል። ግማሽ ደቂቃ ወይም ትንሽ ቆይቶ ትልቁ ማራገቢያ ይነሣል።

ይህንን ቅደም ተከተል አንዴ ከለመዳችሁት በኋላ ሲበላሽ የቆመው የቱ ጋ እንደሆነ በስልክ መናገር ትችላላችሁ። «ሞተሯ ትነሣለች፣ ፍካቱ ግን አይመጣም» ያለ ሰውና «አይሠራም» ያለ ሰው እኩል አይስተናገዱም።

በመጀመሪያው ቀን የተቃጠለ አቧራ ይሸታል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካለፈ ጤነኛ ነው። የላስቲክ ወይም የሽቦ ቃጠሎ ከሸተተ አጥፉት። ነበልባሉ ሰማያዊ ሳይሆን ቢጫ ሆኖ ከተወዛወዘም አጥፉትና ደውሉ።

የሰርቪሱ ቀን

ቡና ስጡት፤ ግን አብራችሁት ውረዱ። ቆሞ ማየት ነውር አይደለም። ደህና ሰው ቢያዩት ይደሰታል፣ እያሳየ ይሠራል።

ጥሩ ሰርቪስ ከ45 ደቂቃ እስከ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በ15 ደቂቃ ጨርሶ ከወጣ አቧራ ጠርጎ ሄዷል ማለት ነው። ሊሠራ የሚገባው ይሄ ነው፤ እሳት የሚወጣባቸውን አፎች ማጽዳት፣ ፍሌም ሴንሰሩን መፈተግ፣ የሚለኩሰውን ኢግናይተር ማየት፣ የማራገቢያውን ክንፎች ማየት፣ የውኃ መውረጃውን ማጠብ፣ ጠባቂ ስዊቾቹን መሞከር፣ የጭስ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ መመልከት።

ከዚያ መለኪያው ይወጣል። የጋዙን ግፊት ይለካል፤ ለተፈጥሮ ጋዝ ብዙውን ጊዜ በውኃ ከፍታ ሲለካ 3.5 ኢንች ገደማ ነው፣ ትክክለኛው ማሽኑ ላይ ተጽፏል። የሚገባውንና የሚወጣውን አየር ሙቀት ለክቶ ልዩነቱን ያወጣል። ይህም ከማሽኑ ወረቀት ላይ ካለው ክልል ውስጥ መሆን አለበት፤ ለምሳሌ ከ35 እስከ 65 ዲግሪ ፋራናይት። ጭሱ ውስጥ ያለውን ካርቦን ሞኖክሳይድም ይለካል።

ቁጥሮቹን ጻፍልኝ በሉት። «ሁሉም ደህና ነው» መልስ አይደለም። የዘንድሮውን ቁጥር ከአምናው ጋር ስታስተያዩት ማሽኑ እያረጀ ወዴት እንደሚሄድ ታያላችሁ።

ፈርነሱ ጎን የተንጠለጠለ የእርጥበት ሳጥን ካላችሁ ውስጡ ያለውን ስፖንጅ መሳይ ፓድ በዚያው አስቀይሩ። እዚህ አገር በዊንተር አየሩ ይደርቃል፤ ከንፈር የሚሰነጠቀው በብርዱ ብቻ አይደለም።

«ተሰንጥቋል» ሲሏችሁ

ሂት ኤክስቼንጀር የሚባል ብረት አለ። እሳቱና ጭሱ በውስጡ ያልፋሉ፤ የምንተነፍሰው አየር በውጪው። ሁለቱ አይገናኙም። ብረቱ ከተሰነጠቀ መገናኘት ይችላሉ። ነገሩ ቀልድ አይደለም።

ችግሩ ይህ ቃል ለሻጭም ይመቻል። ውስጥ ያለ ነገር ስለሆነ ባለቤቱ አያየውም። ስለዚህ «ተሰንጥቋል» ካለ «አሳየኝ» በሉት። በካሜራ ወይም በመስታወት ያየውን ፎቶ ይስጣችሁ። «አትጠቀሙበት» የሚል ቀይ ወረቀት ከለጠፈበት ወይም ጋዙን ከዘጋው እናንተ መልሳችሁ አትክፈቱት፤ ውሸታም ቢሆንም እንኳ። አጥፍታችሁ ሌላ ሰው ጥሩና ይይ። ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያው ምን እንዳለ ሳትነግሩት ይይ። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው። ዛሬ ካልፈረማችሁ ቅናሹ ያልፋል ለሚልም መልሱ አጭር ነው፤ ይለፍ።

ሴፕቴምበር ላይ መሆኑ እዚህ ይጠቅማል። ውጪው 60 ዲግሪ ሲሆን ሦስት ሰው አስመጥቶ ዋጋ ማወዳደር ይቻላል። ከዜሮ በታች 18 ሲሆን ግን የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ትፈርማላችሁ። እኔ ያኔ ያልፈረምኩት ብልጥ ሆኜ አይደለም፤ ብሩ ስላልነበረኝ ነው።

ማሽኑ 18 ዓመት ሞልቶት እውነትም ከተሰነጠቀ ግን ብር አታፍስሱበት። ቀይሩት።

አላርሙ፣ ከሰሉና ጀበናው

ካርቦን ሞኖክሳይድ አገር ቤትም አለ። «በከሰል ጭስ ታፍነው ሞቱ» ሲባል እየሰማን አድገናል፤ ይኸው ራሱ ነው። ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ያመጣል። ጉንፋን ይመስላል፤ ግን ቤት ያለው ሰው ሁሉ በአንዴ ሲታመም፣ ከቤት ሲወጣ ደግሞ ሲሻለው ጉንፋን አይደለም።

የሚኒሶታ ሕግ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ ውስጥ፣ ማለትም ሦስት ሜትር ገደማ ላይ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም እንዲኖር ያዛል። ያላችሁን አውርዳችሁ ጀርባውን እዩ። የተሠራበት ቀን አለው። እንደ ዓይነቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ባትሪ ብትቀይሩለትም ጌጥ ነው።

ድምፁን ለዩ። አራት ጊዜ ጮኾ ዝም፣ አራት ጊዜ ጮኾ ዝም ካለ አደጋ ነው፤ ሁሉም ሰው ይውጣና ከውጪ 911 ይደወል። በየደቂቃው አንዴ ጪጭ ካለ ባትሪው ወይም ራሱ አላርሙ አልቋል።

የዛሬ ጥቂት ዓመት አክስቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። በኤሌክትሪክ የፈላ ቡና ቡና አይደለም ብላ ከሀበሻ ሱቅ ከሰል አስገዛች። ፌብሩዋሪ ነው፣ መስኮት ሁሉ ተዘግቷል። አቦሉ ደስ ብሎን ተጠጣ። ቶናው ላይ አላርሙ ጮኸ። «እጣኑ ነው፣ እጣኑ ነው» ተባለ። ወንድሜ ወንበር ላይ ወጥቶ ሊነቅለው ሲል ትንሿ ልጄ «ይሄ እኮ የጭሱ አይደለም፣ ቁጥር ጽፏል» አለች። ነጠላችንን እንደለበስን በረዶ ላይ ወጣን። እሳት አደጋ መጥቶ ለካ። ፈርነሱ ደህና ነበር። ጥፋተኛው ምድጃው ላይ የነበረው ከሰል ነው። አክስቴ ራሷን ይዛ «ለካስ የመታኝ ቡናው አይደለም» አለች።

እጣኑን በኤሌክትሪክ ማጨሻ፣ ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ። ከሰል ቤት ውስጥ፣ ጋራዥም ውስጥ ቢሆን፣ አይቀጣጠል። አላርሙም በበዓል ቀን ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ አይግባ። ስንቱ ቤት ገብቼ መሳቢያ ውስጥ አይቼዋለሁ።

የጋዝ ሽታ ሌላ ነገር ነው። ጋዙ ራሱ አይሸትም፤ እንድናውቅ ብለው የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ነገር ይጨምሩበታል። ከሸተተ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም። ቤት ውስጥ ሆናችሁ ስልክም አትደውሉ። ውጡና ከርቀት ደውሉ።

ለተከራይና እጅ ላጠረው

ተከራይ ከሆናችሁ ሰርቪሱ የአከራዩ ሥራ ነው። የሚኒሶታ ሕግ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 አከራይ ቢያንስ 68 ዲግሪ ፋራናይት፣ 20 ሴልሺየስ፣ ሙቀት እንዲሰጥ ያስገድዳል። ካልሞቀ በቴክስት ወይም በኢሜይል ጻፉለት፤ በቃል ብቻ አትተዉት። የቴርሞሜትሩን ፎቶ ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋችሁ አንሱ። ሚኒያፖሊስ ያላችሁ 311 ደውላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ።

የጋዝ ቢል ለከበደው የስቴቱ ኤነርጂ አሲስታንስ ፕሮግራም አለ። በቤተሰብ ገቢ ነው የሚወሰነው። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ የራሱ ቤት ላለው ሰው የተበላሸ ፈርነስ ለመጠገንና ለመቀየርም ይረዳል። ገንዘብ ሳያወጡ በፊት ነው የሚጠየቀው። የት እንደምታመለክቱ ካላወቃችሁ 211 ይመራችኋል፤ አስተርጓሚ ጠይቁ።

ኮልድ ዌዘር ሩል የሚባልም አለ፤ እሱም ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ነው። ጋዝ እንዳይቆረጥባችሁ ይከላከላል፤ ግን በራሱ አይሠራም። ለኩባንያው ደውላችሁ የአከፋፈል ስምምነት ማድረግና በዚያ መሠረት መክፈል አለባችሁ። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ የከተተ ሰው አይጠበቅም።

ሌሊት ከቆመባችሁ

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ሌሊት ሊቆም ይችላል። ከመደወላችሁ በፊት ቴርሞስታቱን፣ የመብራት ሳጥኑን ብሬከር፣ የፈርነሱን ስዊች፣ ፊልተሩንና የውጪውን ቱቦ እዩ። ስዊቹን አንድ ሰው የቤዝመንት መብራት መስሎት ያጠፋው ቤት አውቃለሁ። ሽፋኑ በደንብ ካልተገጠመም አይነሣም።

ከዚያ በትንሿ መስኮት ብልጭ ድርግም የምትለዋን መብራት ቁጠሩ። ሦስት ጊዜ ነው? አራት? ትርጉሙ ሽፋኑ ጀርባ ላይ ተለጥፏል። ስትደውሉ ቁጥሩን ንገሩት፤ ዕቃውን ይዞ ይመጣል።

እስኪመጣ ድረስ የማብሰያ ምድጃውን ለማሞቂያ ብላችሁ አታብሩ። ውኃው ቱቦ ውስጥ እንዳይቀዘቅዝ ቧንቧዎቹን በቀጭኑ ልቀቁ፤ የሲንኩን ቁም ሣጥንም ክፈቱ።

እኔ ፈርነሱ ሽፋን ላይ በፕላስተር የለጠፍኩት አንድ ወረቀት አለ። የፊልተሩ መጠን፣ መጨረሻ የተቀየረበት ቀን፣ የሰርቪሱ ቀንና ቁጥሮቹ፣ የዚያ የሁለተኛው ሰውዬ ስልክ። ከታች ባለቤቴ በእርሳስ «ጋቢዎቹ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ናቸው» ብላ ጽፋበታለች።